በምርጫ ሰሞን መንገዱን ስለሚሞሉ የቅስቀሳ ሰሌዳዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የሚኖር ሰው ምርጫ መቃረቡን ከዜና ቀድሞ የሚነግረው መንገድ ዳር ነው። በዕለት ንግግራችን «ሳይን» የምንላቸው የዕጩዎች ስም በትልልቅ ፊደል የታተመባቸው የፕላስቲክ ሰሌዳዎች በመንገድ አካፋዮች ላይ፣ በመስቀለኛ መንገዶች ጥግና በየቤቱ ደጃፍ ይተከላሉ። በተለይ ቨርጂኒያ በየዓመቱ በኅዳር ወር ምርጫ ስለምታካሂድና ቀደም ብሎ ድምፅ የመስጫው ጊዜ ከምርጫው ቀን 45 ቀናት አስቀድሞ ስለሚከፈት፣ ሰሌዳዎቹ የማይታዩበት መጸው የለም ማለት ይቻላል። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በአካባቢው የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ሰሌዳዎቹን በሚመለከት የሚያነሷቸው ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ሲሆኑ፣ መልሶቹም አጠቃላይ መረጃ እንጂ የጠበቃ ምክር አይደሉም።

በመንገድ አካፋይና በመንገድ ዳር ላይ የቅስቀሳ ሰሌዳ መትከል ይፈቀዳል?

በቨርጂኒያም ሆነ በሜሪላንድ አይፈቀድም። የቨርጂኒያ ሕግ በአውራ ጎዳና ክልል ውስጥ በሚገኝ ዛፍ፣ አጥር፣ ምሰሶ፣ የትራፊክ ምልክት ወይም ሌላ ነገር ላይ ማስታወቂያ መለጠፍንም ሆነ በክልሉ ውስጥ ሰሌዳ ማቆምን ይከለክላል፤ ቅጣቱም ለእያንዳንዱ ሰሌዳ 100 ዶላር ነው። በሜሪላንድ ደግሞ በስቴቱ መንገዶች ክልል ውስጥ ለተገኘ ለእያንዳንዱ ሰሌዳ 25 ዶላር ሊያስቀጣ ይችላል። ክልከላው የፖለቲካ ሰሌዳን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ «ቤት በጥሬ ገንዘብ እንገዛለን» የሚለውም፣ የጽዳት ሠራተኛ የሚፈልገውም፣ የዕጩውም በአንድ ዓይን ይታያሉ።

ብዙ ሰው የሚስተው የመንገዱ ክልል የሚያበቃበትን ቦታ ነው። የመንገድ ክልል ማለት አስፋልቱ ብቻ አይደለም። በእግረኛ መሄጃውና በመኪና መንገዱ መካከል ያለው የሣር መደብ፣ ብዙ ጊዜም ከእግረኛ መሄጃው ወዲህ ያለ ጥቂት ስፋት ያለው መሬት፣ ባለቤቱ ሣሩን በየሳምንቱ የሚያጭደው ቢሆንም እንኳ የመንገዱ ክልል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ደጃፌ ላይ ተከልኩት» ብሎ የሚያስብ ሰው ሳያውቀው በሕዝብ መሬት ላይ ተክሎት ሊገኝ ይችላል። ትክክለኛው ወሰን የሚታወቀው ቤቱ ሲገዛ ከሰነዶቹ ጋር በተሰጠው የቦታ ፕላን ወይም በካውንቲው የመሬት ካርታ ነው።

ክልክል ከሆነ ታዲያ በየቦታው የሚታየው ለምንድን ነው?

ምክንያቱ ከአንድ በላይ ነው። የመጀመሪያው ሰሌዳን መትከል ርካሽ፣ ማንሳት ግን ውድ መሆኑ ነው። በብዛት ሲታተም አንድ ሰሌዳ ከነሽቦው የሚያወጣው ጥቂት ዶላር ነው፤ በአንድ ሌሊት ሁለት በጎ ፈቃደኞች በአንድ መኪና እየዞሩ አንድን ሰፊ ጎዳና ሊሞሉት ይችላሉ። እነዚያኑ ሰሌዳዎች ለማንሳት ግን የመንገድ ሠራተኞች የጥገና ሥራቸውን አቁመው፣ መኪና አቁመው፣ በሚበር ትራፊክ መካከል ቆመው አንድ በአንድ መንቀል ይኖርባቸዋል።

ሁለተኛው ምክንያት በራሱ በቨርጂኒያ ሕግ ውስጥ ይገኛል። ሕጉ ካውንቲዎች ከስቴቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ጋር ስምምነት አድርገው ሕገ ወጥ ሰሌዳዎችን እንዲያነሱና ቅጣቱንም እንዲሰበስቡ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን የዕጩዎችንና በድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ የሚቀርቡ ጉዳዮችን የሚመለከቱ ሰሌዳዎችን ምርጫው ካለፈ ከሦስት ቀን በላይ ካልቆዩ በስተቀር ከዚህ ስምምነት ውጭ ያደርጋቸዋል። በሌላ አነጋገር የካውንቲው ሠራተኛ የፍራሽ ሻጩን ሰሌዳ ነቅሎ በአጠገቡ ያለውን የዕጩውን ሰሌዳ ትቶት ሊሄድ ይችላል። ሕጉን ያወጡት በምርጫ የሚወዳደሩ ሰዎች መሆናቸውን ላስታወሰ አንባቢ ይህ ብዙም አይገርመው ይሆናል። ሰሌዳው በዚህ ምክንያት ሕጋዊ አይሆንም፤ የስቴቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በማንኛውም ጊዜ ሊያነሳው ይችላል። ሆኖም መሥሪያ ቤቱ ቅድሚያ የሚሰጠው የአሽከርካሪን ዕይታ ለሚጋርዱና ለአደጋ ለሚያጋልጡ ሲሆን፣ ሌሎቹ የሚነሱት አብዛኛውን ጊዜ ሠራተኞቹ ሣር ለማጨድ ወይም ለሌላ ጥገና ወደዚያ ሲሄዱ ነው።

ሦስተኛው የዕጩዎች እርስ በርስ ፉክክር ነው። የአንዱ ሰሌዳ በመንገድ አካፋዩ ላይ ከታየ ተቀናቃኙ «እኔ ብቻ ሕግ አክብሬ ልሸነፍ?» ማለቱ አይቀርም። ሊስበርግ ፓይክና ኮለምቢያ ፓይክ በሚገናኙበት ቤይሊስ ክሮስሮድስ አካባቢ በጥቅምት መጨረሻ ያለፈ ሰው ውጤቱን ያውቀዋል፦ ያው አንድ ስም በየጥቂት እርምጃው ይደጋገማል፣ የተቀናቃኙ ስም በመካከሉ ገብቶ ይሰነቀራል፣ ነፋስ የጣለው በሌላው ላይ ይደገፋል፤ ፕላስቲኩ ተገንጥሎ የሄደበት ባለ ሁለት እግር ሽቦ ደግሞ በሣሩ ውስጥ ቆሞ ይቀርና የማጨጃ ማሽን ምላጭ እስኪያገኘው ይጠብቃል። በዚህ ፉክክር ውስጥ ቀድሞ የተከለውም ተከትሎ የተከለውም እኩል ተጠያቂ ናቸው ብለን እናምናለን፤ በሕጉ ፊትም ልዩነት የላቸውም።

ሰሌዳዎቹ ላይ ከስም በስተቀር ምንም የማይጻፈው ለምንድን ነው?

በአገር ቤት ምርጫ መራጩ የፓርቲ ምልክት መለየት ለምዷል፤ በ1997 ዓ.ም. የኢሕአዴግን ንብ፣ በ2013 ዓ.ም. የብልጽግናን አምፖል ያስታውሳል (እነዚህ ሁለቱ ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው)። እዚህ ለትምህርት ቦርድ ወይም ለካውንቲ ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ግን አብዛኛው መራጭ ሰምቶት የማያውቅ ስም ይዞ ነው የሚቀርበው፤ ቅስቀሳውም በቅድሚያ የሚፈልገው መራጩ ወረቀቱን ሲያነብ ያ ስም እንግዳ እንዳይሆንበት ነው።

ይህ ስሌት መሠረት አለው። በ2013 የታተመ አንድ ጥናት ሁለት የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በናሽቪል፣ ቴነሲ ያደረጉትን ሙከራ ይገልጻል። ተመራማሪዎቹ በዓለም ላይ የሌለ «ቤን ግሪፈን» የተባለ ዕጩ ስም ያለባቸውን ሰሌዳዎች ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት በሚያመላልሱበት መንገድ ለጥቂት ቀናት አቆሙ፤ ከዚያም ወላጆቹን ለካውንቲው ምክር ቤት የሚመርጧቸውን ሦስት ሰዎች እንዲጠቁሙ ጠየቋቸው። በዚያ መንገድ ከተመላለሱት ውስጥ ሩብ የሚጠጉት ይህን የሌለ ሰው ከሦስቱ ምርጫዎቻቸው አንዱ አደረጉት። ስሙ ለሁሉም በሚታወቅበት በፕሬዚዳንት ወይም በገዢ ምርጫ ግን ይህ ስሌት ያን ያህል አይሠራም።

በእርግጥ የሰውን ድምፅ ይለውጣሉ?

በጥቂቱ። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ዶናልድ ግሪንና በባልደረቦቹ በ2016 የታተመ ጥናት የትኛው የምርጫ ክልል ሰሌዳ እንደሚተከልበት በዕጣ እየተለየ የተደረጉ አራት ሙከራዎችን አንድ ላይ መርምሯል፤ ከእነሱም አንዱ የተካሄደው በ2013 በቨርጂኒያ ገዢ ምርጫ ወቅት ነው። በአማካይ የተገኘው ለውጥ 1.7 በመቶ ነጥብ ገደማ ነው። በሰፊ ልዩነት በሚጠናቀቅ ውድድር ይህ ከምንም አይቆጠርም፤ በጥቂት መቶ ድምፅ በሚወሰን የትምህርት ቦርድ ምርጫ ግን አሸናፊውን ሊለይ ይችላል። ዕጩዎች ሰሌዳን የማይተዉትም ለዚህ ነው። ይሁንና ጥናቱ አንድ ሰሌዳ በቆመበት ጥግ ሃያ ቢተከሉ ሃያ እጥፍ ድምፅ ይገኛል አይልም፤ መንገዱን የሚያበላሸውም ይህ ከልክ ያለፈው ብዛት ነው።

በዋሽንግተን ዲሲ በመብራት ምሰሶ ላይ ታስረው የሚታዩትስ ሕገ ወጥ ናቸው?

አይደሉም፤ ዲሲ ከሁለቱ ጎረቤቶቿ የተለየ ደንብ አላት። ዕቃ ወይም አገልግሎት የማይሸጥ ማስታወቂያ በሕዝብ የመብራት ምሰሶ ላይ ሊታሰር ይችላል። ነገር ግን በአንድ ብሎክ ውስጥ በመንገዱ አንድ ወገን ከሦስት ቅጂ በላይ መስቀል፣ ሲነሳ ተላቅቆ በማያልቅ ሙጫ መለጠፍ፣ እንዲሁም በዛፍ ላይ ማሰር አይፈቀድም። ማንኛውም ማስታወቂያ ከ180 ቀናት በላይ መቆየት የለበትም፤ እንደ ምርጫ ካለ በአንድ ቀን ከሚፈጸም ጉዳይ ጋር የተያያዘ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ካለፈ በኋላ በ30 ቀናት ውስጥ መነሳት አለበት። ይህ የ30 ቀናት ገደብ የመናገር ነጻነትን ይጥሳል ተብሎ ተከስሶ ነበር፤ በ2017 የዲሲ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደንቡ የሚጸና መሆኑን ወስኗል። በኛ አስተያየት የዲሲ ደንብ ከክልከላው የተሻለ ነው፤ የተፈቀደው ቁጥር በግልጽ ስለተቀመጠ ማንኛውም አላፊ አግዳሚ ቆጥሮ የተጣሰ መሆኑን ሊያውቅ ይችላል።

መንግሥት የፖለቲካ ሰሌዳን መንቀሉ የመናገር ነጻነትን አይጥስም?

የሕዝብ መሬትን በተመለከተ ጥያቄው በ1984 መልስ አግኝቷል። በሎስ አንጀለስ ለከተማው ምክር ቤት የሚወዳደሩት የሮላንድ ቪንሰንት ደጋፊዎች የካርቶን ሰሌዳዎችን በኤሌክትሪክና በስልክ ምሰሶዎች ላይ ሰቅለው ነበር፤ ከተማው በደንቡ መሠረት አነሳቸው። በመጋቢት 1979 በአንድ ሳምንት ውስጥ ከተነሱት 1,207 ሰሌዳዎች የቪንሰንት የነበሩት 48 ብቻ ሲሆኑ፣ ከቀሩት አብዛኞቹ የንግድ ማስታወቂያዎች ነበሩ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ከተማው የአካባቢውን ገጽታ ለመጠበቅ በሕዝብ ንብረት ላይ ሰሌዳ መስቀልን ለሁሉም እኩል መከልከል እንደሚችል ፈረደ። በዚህ ውሳኔ ውስጥ «ለሁሉም እኩል» የሚለው ዋናው ነገር ነው። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ የአንዱን ፓርቲ ሰሌዳ እየለየ ቢነቅል ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል።

በራሴ ቤት ግቢስ?

የግል መኖሪያ ቤት ከሁሉም የበለጠ ጥበቃ ያለው ቦታ ነው። በ1990 በሚዙሪ፣ በሴንት ሉዊስ አቅራቢያ በምትገኘው በላዱ ከተማ የምትኖር ማርጋሬት ጊሊዮ የምትባል ሴት የባሕረ ሰላጤውን ጦርነት የሚቃወም ሰሌዳ በደጃፏ አቆመች። የመጀመሪያው ጠፋባት፣ ሁለተኛው ወድቆ ተገኘ፤ ለፖሊስ ስታመለክት ግን እንዲህ ያለ ሰሌዳ በከተማው ክልክል መሆኑ ተነገራት። እሷም ከሰሰች፤ በኋላም በፎቁ መስኮት ላይ ከተራ ወረቀት ያልበለጠች የሰላም ጥሪ ለጠፈች። በ1994 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ የፈረደላት ሲሆን፣ ሰው በገዛ ቤቱ ደጃፍ ሐሳቡን መግለጹ ርካሽና ምትክ የማይገኝለት የመናገሪያ መንገድ ስለሆነ ከተማ ፈጽሞ ሊከለክለው አይችልም ብሏል።

በአካባቢያችንም ተመሳሳይ ክርክሮች ተካሂደዋል። አርሊንግተን ካውንቲ በአንድ መኖሪያ ቤት ግቢ ከሁለት ጊዜያዊ ሰሌዳ በላይ እንዳይቆም ያወጣው ደንብ በ1993 በፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ውድቅ ሆኗል። የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ደግሞ በመኖሪያ ቤቶች የምርጫ ሰሌዳ ከምርጫው 45 ቀናት በፊት ብቻ እንዲተከልና ምርጫው ካለፈ ከ10 ቀናት በኋላ እንዲነሳ ያወጣው ገደብ በ1999 ተሽሯል። ከዚህም በላይ የቨርጂኒያ ሕግ የትኛውም ከተማ ወይም ካውንቲ፣ በባለቤቱ ፈቃድ የተተከለና ለሌሎች ጊዜያዊ ሰሌዳዎች የወጣውን የዞኒንግ (የመሬት አጠቃቀም) ደንብ የሚያከብር የምርጫ ሰሌዳን በግል ይዞታ ላይ መከልከል እንደማይችል በግልጽ ይደነግጋል። የመጠን፣ የከፍታና ከመንገድ የመራቅ ገደብ ግን ሊኖር ስለሚችል ትልቅ ሰሌዳ ከማቆምዎ በፊት የካውንቲዎን ደንብ ይመልከቱ።

ካውንቲው ለፖለቲካ ሰሌዳዎች ብቻ የተለየ ጥብቅ ደንብ ለምን አያወጣም?

ከ2015 ወዲህ ይህን ማድረግ በጣም አስቸጋሪ ሆኗል። በአሪዞና የምትገኘው የጊልበርት ከተማ ለሐሳብ መግለጫ ሰሌዳ እስከ 20 ካሬ ጫማ፣ ለፖለቲካ ሰሌዳ በመኖሪያ አካባቢ እስከ 16 ካሬ ጫማ፣ ሰው ወደ አንድ ስብሰባ ለሚመራ ጊዜያዊ ሰሌዳ ግን 6 ካሬ ጫማ ብቻ ትፈቅድ ነበር፤ የመጨረሻውም ከዝግጅቱ 12 ሰዓት በፊት ቆሞ ዝግጅቱ ባለቀ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲነሳ ታስገድድ ነበር። ቋሚ ሕንፃ ያልነበራት አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን በየሳምንቱ የአምልኮ ቦታዋን በሚያመለክተው ሰሌዳ ደንቡን ጥሰሻል ስለተባለች ከተማዋን ከሰሰች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘጠኙም ዳኞች ተስማምተው ደንቡን ሻሩት፤ አንድ ደንብ ሰሌዳዎችን በተጻፈባቸው ሐሳብ እየለየ የሚገድብ ከሆነ በጥርጣሬ ዓይን ይታያል ማለት ነው።

ስለዚህ ብዙ ካውንቲዎችና ከተሞች ደንባቸውን «ጊዜያዊ ሰሌዳ» በሚል አንድ ስም አሻሽለዋል። ይህም «የምርጫ ሰሌዳዎችን ብቻ አንሱልን» ለሚሉ ነዋሪዎች ቅር የሚያሰኝ መልስ ይሆናል፤ ካውንቲው ሊያጠብቅ የሚችለው የእድሩን መኪና ማጠቢያ፣ የልጆቹን እግር ኳስ ምዝገባና የዕጩውን ሰሌዳ በአንድ ላይ ብቻ ነው።

የቤት ባለቤቶች ማኅበራችን (ኤችኦኤ) ይከለክላል፤ ይችላል?

የመናገር ነጻነት የሚገድበው መንግሥትን ስለሆነ የግል ማኅበር በራሱ ሰነድ ከመንግሥት የጠበቀ ገደብ ሊያስቀምጥ ይችላል። በሜሪላንድ ግን ሕጉ ጣልቃ ገብቷል፦ የቤት ባለቤቶች ማኅበርም ሆነ የኮንዶሚኒየም ማኅበር አባሉ በራሱ ይዞታ ላይ የዕጩ ሰሌዳ እንዳያቆም ሊከለክል አይችልም፤ የሚፈቀደው ጊዜውን ከምርጫው በፊት ወዳሉት 30 ቀናትና ከምርጫው በኋላ ወዳሉት 7 ቀናት መወሰን፣ እንዲሁም በጋራ መጠቀሚያ ቦታዎች ላይ መከልከል ነው። በቨርጂኒያ ቤት ሲገዙ የተሰጥዎትን የማኅበሩን ሰነድ ማንበብ ይኖርብዎታል፤ በተለይ በታውንሃውስ ሰፈሮች ደጃፉ ራሱ የጋራ ይዞታ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ተከራይ ነኝ።

የኪራይ ውልዎ ይወስነዋል። ብዙ አፓርታማዎች በበረንዳና በመስኮት ላይ ማንኛውንም ነገር መስቀል ይከለክላሉ።

ሳልጠየቅ ግቢዬ ውስጥ ሰሌዳ ተተክሎ አገኘሁ፤ ምን ላድርግ?

በይዞታዎ ላይ ከሆነ ሊነቅሉት ይችላሉ፤ ማንንም ማስፈቀድ አይጠበቅብዎትም። ብዙውን ጊዜ ስህተቱ የሚፈጠረው በጎ ፈቃደኛው የቤት ቁጥር ሲሳሳት ወይም ቀድሞ የነበረው ባለቤት በቅስቀሳው መዝገብ ላይ ስሙ ስለቀረ ነው። ከመጣልዎ በፊት በሰሌዳው ግርጌ በትንሽ ፊደል የተጻፈውን ያንብቡ፤ በሁለቱም ስቴቶች ለሰሌዳው የከፈለው አካል ማንነት መጻፍ ስላለበት ለማን ስልክ ደውለው «መጥታችሁ ውሰዱ» እንደሚሉ ያገኙበታል። ትላልቅ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ግን መጀመሪያ ልጆቻቸውን ቢጠይቁ አይከፋም።

በመንገድ አካፋይ ላይ ያለውን ሕገ ወጥ ሰሌዳ ራሴ ብነቅለውስ?

አይንቀሉ። ሰሌዳው ያለ ቦታው ቢቆምም የቅስቀሳው ንብረት መሆኑ አይቀርም፤ የመንገዱ ባለሥልጣን እንጂ አላፊ አግዳሚ እንዲያነሳው ሥልጣን አልተሰጠውም። በተለይ የአንዱን ዕጩ ብቻ መርጦ የነቀለ ሰው በስርቆት ወይም ንብረት በማበላሸት ሊከሰስ ይችላል፤ በየደጃፉ ያሉ የደወል ካሜራዎች ባሉበት በዚህ ዘመን «ማን አየኝ» ማለትም አያዋጣም። ስድስት መስመር ባለው ጎዳና መካከል መግባቱ የሚያስከትለውን አደጋ ደግሞ መናገር አያስፈልግም።

ሰሌዳው መኪና እንዳላይ ጋርዶኛል፤ ለማን ላመልክት?

በቨርጂኒያ አብዛኞቹን መንገዶች የሚያስተዳድረው የስቴቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሲሆን የደንበኞች ስልኩ 1-800-367-7623 ነው። እንደ አሌክሳንድሪያና ፎልስ ቸርች ያሉ ከተሞች እንዲሁም አርሊንግተን ካውንቲ ግን የራሳቸውን መንገዶች ስለሚያስተዳድሩ ወደ እነሱ ይደውሉ። በዲሲ፣ በሞንትጎመሪና በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ 311 ይደውሉ። ሲያመለክቱ የማን ሰሌዳ እንደሆነ ሳይሆን የመስቀለኛ መንገዱን ስምና ከየትኛው አቅጣጫ የሚመጣ አሽከርካሪ እንደሚጋረድ ይናገሩ፤ «የእገሌ ሰሌዳ በዛ» የሚለው ስልክ እንደ ፖለቲካ ቅሬታ ሲታይ፣ «ከመኪና ማቆሚያው ወደ ግራ የሚታጠፍ ሰው የሚመጣውን አያይም» የሚለው እንደ ደህንነት ጉዳይ ፈጥኖ ይታያል።

በምርጫ ጣቢያ አቅራቢያ ያለው ገደብ ስንት ነው?

በቨርጂኒያ ከምርጫ ጣቢያው መግቢያ በ40 ጫማ ክልል፣ በዲሲ በ50 ጫማ፣ በሜሪላንድ በአብዛኛው በ100 ጫማ ክልል ውስጥ የቅስቀሳ ሰሌዳም ሆነ በራሪ ወረቀት አይፈቀድም። ከመስመሩ ውጭ ግን ቅስቀሳው ሕጋዊ ነው፤ ወደ ጣቢያው የሚወስደው የእግር መንገድ ግራና ቀኙ በሰሌዳ ተሞልቶ ቢያዩ የሕግ ጥሰት መስሎ አይታይዎት።

ቤተ ክርስቲያናችን በጎዳና ዳር ያለ ሰፊ ግቢ አላት፤ ዕጩዎች ሰሌዳ ለመትከል ይጠይቁናል። እንፍቀድ?

ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከ1954 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የፌዴራል የግብር ሕግ መሠረት ከግብር ነጻ የሆኑ አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ለዕጩ ደግፈው ወይም ተቃውመው በቅስቀሳ እንዳይሳተፉ ተከልክለዋል። በግቢው የቆመ የአንድ ዕጩ ሰሌዳ የቤተ ክርስቲያኒቱ ድጋፍ ተደርጎ ሊታይ ስለሚችል፣ ዕጩው የምእመናኑ ልጅ ቢሆንም እንኳ ለሁሉም «አይቻልም» ማለቱ ከቅሬታም ከግብር ጣጣም ያድናል። ግቢው የምርጫ ጣቢያ ሆኖ የሚያገለግል ከሆነ ግን በዚያ ቀን ከገደቡ መስመር ውጭ የሚቆሙት ሰሌዳዎች በጣቢያው ደንብ የሚተዳደሩ ስለሆኑ የቤተ ክርስቲያኒቱ ድጋፍ ተደርገው አይቆጠሩም። አባላት በየራሳቸው ቤትና መኪና ላይ የሚያደርጉት የግል መብታቸው ነው።

በምግብ ቤቴ መስኮት ላይ ብለጥፍስ?

ሕንፃው የርስዎ ከሆነ ምርጫው የርስዎ ነው። በኪራይ ከሆነ የንግድ ኪራይ ውሎች የመስኮት ማስታወቂያን ብዙ ጊዜ ስለሚገድቡ አስቀድመው ያንብቡት። ሦስት ተፎካካሪ ዕጩዎች አንድ ሳምንት ውስጥ ምሳ ሊበሉ የሚመጡበት ቤት ከሆነ ደግሞ ሁሉንም መፍቀድ ወይም ሁሉንም መከልከል ለንግዱ ይበጃል።

ዜጋ አይደለሁም፤ ሰሌዳ ማቆም እችላለሁ?

ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ምርጫ ድምፁን መስጠት ባይችልም ሐሳቡን መግለጽና ለቅስቀሳ ገንዘብ ማዋጣት ስለሚፈቀድለት ሰሌዳ ማቆሙም ችግር የለውም። ግሪን ካርድ የሌለው የውጭ ዜጋ ግን በፌዴራልም፣ በስቴትም፣ በአካባቢም ምርጫ ገንዘብ ማዋጣትም ሆነ ለቅስቀሳ ማውጣት በፌዴራል ሕግ ስለተከለከለ ሰሌዳ በራሱ ገንዘብ አሳትሞ ማሰራጨት የለበትም፤ ያለ ክፍያ በፈቃደኝነት ማገልገል ይችላል። የኢሚግሬሽን ጉዳይ በሂደት ላይ ያለበት ሰው ከማንኛውም እርምጃ በፊት የራሱን ጠበቃ ቢያማክር ይሻላል።

ምርጫው ሲያልፍ ሰሌዳዎቹን ማን ያነሳል? የትስ ይጣላሉ?

ማንሳት ያለበት የተከለው አካል ነው። አሸናፊው በደስታ፣ ተሸናፊው በድካም ይረሳዋል፤ በተለይ የተሸናፊው በጎ ፈቃደኞች በማግሥቱ ስለሚበተኑ እስከ ምስጋና ቀን በዓል ድረስ ቆሞ የሚቀረው ብዙ ጊዜ የእሱ ሰሌዳ ነው። ደጃፍዎ ላይ ያለውን ቅስቀሳው ራሱ መጥቶ የሚሰበስብ መሆኑን በግርጌው በተጻፈው አድራሻ ይጠይቁ፤ ደግሞ የሚወዳደር ዕጩ ሊፈልገው ይችላል።

የሚወስደው ካልተገኘ ሽቦውን ከፕላስቲኩ ያላቅቁት። ሽቦው ብረት ስለሆነ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ይሰጣል። ሰሌዳው አብዛኛውን ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን የተባለ፣ ቁጥር 5 የሚል ምልክት ያለው ቆርቆሮ መሰል ፕላስቲክ ነው፤ ከቤት ደጃፍ ለሚወሰደው የሪሳይክል ሣጥን ግን ብዙውን ጊዜ አይሆንም፣ መለያ ማሽኖቹ ጠፍጣፋና ትልቅ ነገር ስለማይስማማቸው። ካውንቲዎ ከምርጫ በኋላ የተለየ መሰብሰቢያ ቦታ ያዘጋጀ እንደሆነ ወደ ደረቅ ቆሻሻ ክፍሉ ደውለው ይጠይቁ። ካላዘጋጀ ደግሞ ጀርባው ባዶ የሆነውን ለቤት ሽያጭ ወይም ለልደት ግብዣ አቅጣጫ ማመልከቻ በቀለም ጽፈው ይጠቀሙበታል፤ ያንንም ቢሆን በራስዎ ግቢ ውስጥ እንጂ በመንገድ አካፋዩ ላይ አይትከሉት።